ለአልጋ የላክሽው

ልጄ ቤተል፣ ካናዳ ባለሽበት አምላክ ጤናሽን ያብዛልኝ፤ ሰውም ብርዱም አይክፋብሽ። እኛም እዚህ አረብ አገር፣ አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር አለን።

ለአልጋ በላክሽው ብር ሻንጣ ገዛሁበት፤ አትቆጪኝ። እዚህ ወደ ሌላ አገር የመሄጃ ፋይሉ ያላለቀ ስደተኛ የቤት ዕቃ አይገዛም፤ የገዛ እዚሁ ይቀራል ይባላል። አብራኝ የምትኖረው ዕፀገነት አልጋ በገዛች በሳምንቱ ጉዳይሽ ውድቅ ሆኗል ተባለች። ፋይሏን ያየው ሰው አልጋዋን እንዳላየ አውቃለሁ፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። ግን «ማሌሽ፣ ግድ የለም እትዬ፣ ነይ አብረን እንተኛ» ስትለኝ እንኳ አልጋው ገደ ቢስ ነው ብዬ እምቢ አልኳት። ስምንት ዓመት ሲሚንቶ ላይ ተኝቼ ብርዱ ሳንባዬ ገባ። ሐኪሙ ከመሬት ተነሺ አለኝ፤ እሺ ብዬው መጣሁ። አንቺ ግን ወፍራም ካልሲ አድርጊ።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የእኔም ፋይል ባለፈው ወር ተዘግቷል፤ ይግባኝ የለውም፣ ኸላስ፣ አለቀ አሉኝ። ከዚያ በኋላስ አልጋ ብገዛ ምን ይጎዳኝ ነበር? ሻንጣውን የገዛሁት ፋይሉ በተዘጋ በማግስቱ ነው።

እመብርሃን ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ፤ ወልደሽ ሳሚ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስትደውዪ «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው» ማለትሽን አትተዪብኝ።

እናትሽ አስቴር