የባካሪ ጀሪካን

ገብሬ፣ እንዴት ነህ? ናይሮቢ የባሕር ኃይሎች ስብሰባ ላይ ነኝ፤ መቀመጥ ግን አቅቶኛል። ዛሬ መሐንዲሶቹ የጠፋ ጀልባ መፈለጊያ መሣሪያ ሲያሳዩን፣ ባካሪ የሚባሉ፣ ላሙ ከምትባል የኬንያ ደሴት የተጋበዙ ዓሣ አጥማጅ ተነሡና «ይሄ ይሰምጣል፤ እንደ መረባችን ጀሪካን ላይ እሰሩት» አሉ። አንድ አድሚራል ወዲያው ጀሪካን አስመጣ። የሆቴሉ መዋኛ ውስጥ ሞከርነው፤ ተንሳፈፈ። ሰዉ ሲያጨበጭብ እኔ ጓዳችን ቶማስ ትዝ አለኝ። ጀልባው ሐይቃችን ላይ የተገለበጠ ቀን፣ ዓሣ አጥማጆቹ «ንፋሱ ወዴት እንደሚወስደው እናውቃለን» ብለው ሲመጡ፣ «የወታደር ክልል ነው፣ ተመለሱ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ፈለግነው፤ በሕይወት አላገኘነውም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ሐሊናንና ልጆቹን ሳምልኝ። ለሐይቃችን ዓሣ አጥማጆች ግን ምንም እንዳትላቸው፤ ስመጣ ራሴ እነሱ ዘንድ እሄዳለሁ።

ፍራኦል