ለወንድም ጋሼ የመረጥኩት መጽሐፍ

ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ወንድም ጋሼ የኮምፒውተር ኔትወርክ ፈተናውን ወደቀ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በቀጥታ እኔ ተቀጥሬ ወደምሰራበት ቤት መጣና በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። ፈተናውን ቢያልፍ አንድ መስሪያ ቤት ሊቀጥረው ነበር፣ አሁን ቀረ።

«መጽሐፉ ያረጀ ነው እኮ እታለም። ፈተናውን ከቀየሩት ቆይተዋል፣ ግማሹን ጥያቄ አይቼውም አላውቅ» አለኝ።

መጽሐፉን የገዛሁለት እኔ ነኛ! እሱ አምበር ከተማ ስለሚሰራ እዚህ ገበያ ወርጄ እንድገዛለት ላከኝ። ሻጩ ሁለት አወጣልኝ፣ አንድ አዲስ፣ አንድ አሮጌ። «አዲሱን ውሰጅ» ብሎኝ ነበር፣ ወይኔ ብሎኝ ነበር! እኔ ግን አሮጌው ላይ በየገጹ በእስክሪብቶ የተጻፈውን ሳይ አባባ ትዝ አሉኝ። የቆሎ ተማሪ ሲያስተምሩ «ብዙ ሰው የተማረበት መጽሐፍ ስህተቱ ተለቅሞለታል» ይላሉ። ከአምስተኛ ክፍል ላቋረጥኩት ለእኔ የኮምፒውተሩም እንደ ዳዊቱ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ በጋዜጣ ጠቅልዬ በሚኒባስ ላክሁለት።

«ሌላ አልነበረም አይደል?» አለኝ ወንድም ጋሼ።

ዓይኑን ሳየው ፈራሁ። «አልነበረም» አልኩት።

«ታዲያ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ያገኘሽውን ነው የላክሽልኝ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝና ወደ መናኸሪያው ሄደ። ልጠራው ከበሩ ወጣሁ፣ መንገዱን ሲታጠፍ ግን ተመልሼ ገባሁ።