ግብር የተከፈለበት ሙት ዓመት

ታዴዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። አንተ ያለህበት ከዚህ አይብስም። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአንድ ሳምንት ሆነን። ይህን የምጽፍልህ ስለናፈቅኸኝ ብቻ አይደለም። የሠራሁትን ሥራ ከሰው አፍ ከምትሰማ ከእኔው ስማ ብዬ ነው። ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ የሚሄድ ደግሞ ወሬ ሳይዝ አይሄድም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በስደት በመጣንበት ቡኮቶ፣ እዚያው ቤታችን ነኝ። የሚያፈሰውን ጣሪያ አከራያችን በመጨረሻ አሠራችው። አንተ ሦስት ዓመት በትህትና ለምነሃት እምቢ ያለችውን፣ እኔ አንድ ቀን ጮኼባት ነው ያሠራችው። መነጽርህና ሰዓትህ ኮሞዲኖው ላይ ናቸው፤ አላነሳኋቸውም። ሱቄም አለች፤ አሁንም ከኪኩቦ ገበያ አንሶላና መጋረጃ እያመጣሁ እሸጣለሁ። ከጎኔ የነበረው ፀጉር ቤት ግን በወረርሽኙ ዝግ ጊዜ ከሰረና፣ ቤቱን የእግር ኳስ ውርርድ ቤት ተከራየው። የእኔ ጉድ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ቀብርህ አንድ ነገር ልበል፤ እሱን ካላልኩ የቀረውን አትረዳኝም። አንተን የቀበርንህ ሁሉ ነገር በተዘጋበት ሰኔ ነው። ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ቆጥሮ አስገባን። ዘጠኝ ነበርን፤ ከዘጠኙ ሁለቱ መቃብር ቆፋሪዎች ናቸው። አፌን በጭንብል ሸፍኜ፣ ከሰው ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ደግፎ የሚይዘኝ እጅ ሳይኖር ቆምኩ። ጮኼ ላለቅስ ስል ቶሎ ውጡ አሉን። ድንኳን አልተተከለልህም። አርባህንም ሰማንያህንም ቄሱ ብቻቸውን ጸለዩልህ። ስምህን የሚያነሳ ልጅ የለንም። ሰው ያላለቀሰለት ሰው ሆነህ ቀረህ፤ እኔም በዚህ ነገር ሆዴ እንደተቃጠለ ኖርኩ። መሰብሰብ ሲፈቀድ ሰው ጠርቼ አስለቅስልሃለሁ ብዬ ማልኩ። መሐላው ነበረኝ፣ ገንዘቡ ግን አልነበረኝም።

አሁን ስማኝ፣ አትቆጣ። ቆመርኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንተ ሎተሪ እንኳ ቤትህ እንዳይገባ የምትከለክል ሰው ነበርክ። አዲስ አበባ ሳለን ጎረቤታችን ለእንቁጣጣሽ የሰጠችኝን ትኬት ዕጣው ሳይወጣ ቀደህ ጣልክብኝ። ያ ቁጥር ወጥቶ ይሆን እንዴ እያልኩ ስንት ዓመት እንደተብሰለሰልኩ ነግሬህ አላውቅም፤ ዛሬ ነገርኩህ። ለማንኛውም የውርርድ ቤቱ ደንበኞች ቦታ ሲጠባቸው እኔ በር ላይ ቆመው ይከራከሩ ነበር። መጋረጃ የሚገዛ በጠፋበት በዚያ ጊዜ እነሱን መስማት ሥራዬ ሆነ። የትኛው ቡድን ከሜዳው ሲወጣ እንደሚፈራ፣ የትኛው በረኛ ዝናብ ሲዘንብ ኳስ እንደሚያመልጠው ከእነሱ አስበልጬ አወቅኩ። አንድ ቅዳሜ ለቁርስ ሮሌክስ፣ ያን እንቁላል የተጠቀለለበት ቂጣ፣ የምገዛበትን ሰንቴ ይዤ፣ ከስልኬ ላይ ስምንት ጨዋታ ገመትኩ። ስምንቱም ሰመሩ። መልእክቱ ሲመጣ የአጭበርባሪ መስሎኝ ስልኩን አጠፋሁት። በማግስቱ ስከፍተው ገንዘቡ እዚያው አለ። ድርጅቱ ግብሩን አስቀድሞ ቆርጦ የቀረውን ልኮልኛል፤ የቀረውም ቢሆን በአንድ ቀን እጄ ገብቶ የማያውቅ ነው። መጀመሪያ የታየኝ ድንኳንህ ነበር።

በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ የሱቄን ዓመታዊ ገቢ ለማስታወቅ ዋንዴገያ ሰፈር ናካቶ ዘንድ ሄድኩ። ናካቶን ታስታውሳታለህ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የኅትመት ሱቅ ያላት፣ በየዓመቱ የሞላችውን ፎርም እያረምክ የምታሰለቻት። የሱቁን ገቢ ሞላችና ሌላ ገቢ አለሽ ወይ ስትለኝ፣ ከውርርድ ያሸነፍኩት አለ አልኳት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ንያቦ፣ እመቤቴ፣ እነሱ አንዴ ቆርጠውልሻል። አሁን ደግሞ ምን ብለሽ ራስሽን ታጋልጫለሽ? የግድ ካልሽ ከዘመድ የተሰጠ ስጦታ እንበለው፤ ሰንቴ ያው ሰንቴ ነው» አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ለእኔ አዝና ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ለአፍታ ልቤ ሸፍቶ ነበር። ግን አንተ ከጆሮዬ መቼ ትወጣለህ! የገባው ሁሉ ገቢ ነው፣ ከየት እንደገባም ባለቤቱ ስለሚያውቀው ያወቀውን ይጻፍ፣ የምትለው ነገር። ከውርርድ የተገኘ ብላ እንድትጽፍ አደረግኳት፤ ድርጅቱ የቆረጠውን የሚያሳየውንም ወረቀት አያይዘን ላክነው። የገባበትን ማረጋገጫ አትማ ሰጠችኝ።

እዚህ ላይ ሞኝነቴን ስማ። ዕድሜዋን ከገቢዎች ሠራተኛ ጋር የኖረች ሴት ብቻ የምትሠራው ሞኝነት ነው። ግብር ከተከፈለበት ገንዘቡ ንጹሕ ነው ብዬ አመንኩ። ሁለተኛ ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ያንን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ ድንኳንና ወንበር ልጠይቅ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ለድግሱ ከየት አገኘሽ ሲለኝ ነገርኩት፤ ጭራሽ ኮራ ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁለት። አነበበውና በሁለት ጣቱ መለሰልኝ። «ወይንሸት፣ ይህን ለማንም እንዳታሳዪ። ወንድሜ ከካናዳ ላከልኝ በይ፣ ድንኳኑን እኔው መጥቼ አስተክላለሁ» አለኝ። እምቢ ካልኩ ግን የእድሩ ዕቃ ለሐዘን እንጂ ለቁማር ድግስ አይወጣም፣ ሰውም አይመጣም አለ። ወንድሜ! ካናዳ ያለው ወንድሜ እኮ የሚደውልልኝ ሲቸግረው ነው።

አየህ ታዴ፣ ቁማር ኃጢአት ነው ብሎ ቢከለክለኝ አንገቴን ደፍቼ እወጣ ነበር፤ ኃጢአትም ነው። ያናደደኝ ገንዘቡን አለመጥላቱ ነው። የጠላው ስሙን ነው። ስሙ ከተለወጠለት ይበላዋል። ከእድርተኛው መካከል ስንቱ በሱቄ በር አልፎ ወደዚያ ቤት እንደሚገባ እሱም ያውቃል፣ እኔም አያለሁ፤ የማንንም ስም አልጠራሁም፣ አልጠራምም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ይኸው ሰው ደግሞ አንተን ሲያነሳ «ሐቀኛው ታደሰ» ነው የሚለው። ሐቅህ ምን እንዳስከፈለን ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ገቢዎች መሥሪያ ቤት ሳለህ አንድ ነጋዴ ያቀረበውን የሐሰት የገቢ መግለጫ አጽድቅ ሲሉህ አልፈርምም ብለህ ከሥራህ ተባረርክ። ዛቻው ሲበዛ በሁለት ሻንጣ አገር ለቀን ወጣን። ትልቅ መሥሪያ ቤት የሠራህ ሰው፣ ኪኩቦ ውስጥ የሐጂ ሳልህን የጨርቅ መጋዘን ስትጠብቅ አረጀህ። አንዲት ፊርማ ብትፈርም ኖሮ ዛሬ በአገሬ፣ በቤቴ ነበርኩ። ይህን ስንት ጊዜ እንደወረወርኩብህ ታውቃለህ፤ የአንተ መልስ ሁልጊዜ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነበር። አደረ፣ ሰነበተ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላው፣ ለእኔ ግን አልጠራልኝም። እና ለዚህ ሰው መታሰቢያ፣ ውሸት አልፈርምም ብሎ ሁሉን ላጣ ሰው፣ ውሸት ልደግስለት? የአንተን እውነት እስከ ዛሬ እኔ ስከፍል ኖሬያለሁ። አሁን ተራው የአንተ ነው፤ የእኔን እውነት አንተ ክፈል። ግቢው ባዶውን ቢውልም ክፈል።

እንዲህ በልቤ ብዬ ጋሽ ደምሴን አልዋሽም ብዬው ወጣሁ እንጂ፣ የኪራይ ሞተሩ ቦዳ ላይ ስቀመጥ ፈራሁ። ሰው ባይመጣስ? ሁለተኛ ጊዜ ያለ ሰው ብቀብርህስ? ዋሽቼ ልምጣ ብዬ ባለ ሞተሩን አዙር ልለው ምንም አልቀረኝም። አላልኩትም።

ከዚያ ቄሱ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ለመቆመሬ ንስሓ ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ፤ መወራረጃውንም ፊታቸው ከስልኬ ላይ አጠፋሁት። እውነቱን ለመናገሬ ግን ንስሓ አላዘዙኝም፤ ቢያዙኝም አልቀበልም ነበር። ለነፍስህ የሚደረገው ጸሎት በገንዘብ እንደማይገዛ፣ ማንም ባይመጣ እሳቸው እንደሚመጡ ነገሩኝ። ድንኳኑን ተውኩት። ከሱቄ መጋረጃ አውጥቼ ግቢው ውስጥ በገመድ ወጠርኩ፤ ሙት ዓመትህ የተደረገው በአበባ መጋረጃ ጥላ ሥር ነው። ወንበር ግን ከየትም አጣሁ። ከማን እንዳገኘሁ ልንገርህ? ከውርርድ ቤቱ። ሥራ አስኪያጇ ለባለቤቴ መታሰቢያ መሆኑን ስትሰማ አርባ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር ያለ ኪራይ ላከችልኝ፣ ጀርባቸው ላይ ኳስ የተሳለባቸው። አርባውንም ደርድሬ ቆሜ ሳያቸው ሳቅኩ። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ከአርባው አሥራ ሰባቱ ሞላ። ቄሱ ጸሎቱን ሲጨርሱ፣ ምግቡ ሳይነሳ ተነሥቼ ቆምኩ። በአማርኛ፣ ቀጥሎም ለናካቶና ለጎረቤቶቻችን በምችለው እንግሊዝኛ ተናገርኩ። «ይህ ድግስ ከውርርድ ባሸነፍኩት ገንዘብ የተደገሰ ነው። ግብሩ ተከፍሏል። የሚበላ ይብላ። የማይበላ ያልቅስልኝ፤ የጠራኋችሁ ለእሱ ነው።» ድምፄ አልተቆራረጠም። በዚህ እኮራለሁ።

ሁለት ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። መጀመሪያ ሳህን ያነሳችው ናካቶ ናት። ሐጂ ሳልህ ግን የቀረበለትን መለሰው። የሰኔ ጾም ስለነበር ሥጋ የለበትም፣ በሌላ ገንዘብ የተደገሰ ቢሆን ይበላልኝ ነበር። «እኅቴ፣ ይህ ለእኔ ሐራም ነው፣ አልበላም። ስለነገርሽኝ ግን አላህ ይስጥሽ። ሳላውቅ አብልተሽኝ ቢሆን አልምርሽም ነበር» አለኝ። አሁን ይነሣል ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሣም። እዚያው ቀይ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቆቡን ፊቱ ላይ ይዞ፣ ታደሰ ወንድሜ፣ ታደሰ ወንድሜ እያለ ማልቀስ ጀመረ። እሱ ከጀመረ እኔን ማን ይይዘኛል! ሁለት ዓመት ያፈንኩትን ጮኽኩት። ከላይ ቤት የምትኖረው ጎረቤታችን መጥታ ደገፈችኝ። አንዱ በትግርኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በሉጋንዳ አለቀሰልህ። አሥራ አምስት ሰው ነው የቀረው፣ ግቢው ግን ለቅሶ በለቅሶ ሆነ። አልቅሰውልሃል ታዴ። ማን እንደሆንክ፣ ገንዘቡም ምን እንደሆነ እያወቁ አልቅሰውልሃል።

ጋሽ ደምሴ አልመጣም። እድሩ ሊሰርዘኝ እንደሚሰበሰብ ሰምቻለሁ። ይሰርዘኝ። እኔን የሚቀብረኝ ሰው እንዳለ አይቻለሁ።

አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ። ብትኖር አንተም አትበላም ነበር። እዚያ ወንበር ላይ እንኳ አትቀመጥም፤ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ፣ ከንፈርህን ነክሰህ፣ ቆመህ ነበር የምትውለው። ለአንድ ወርም ታኮርፈኝ ነበር። ጥለኸኝ ግን አትሄድም፤ እውነቱን ከነገርኩህ ጥለኸኝ ሄደህ አታውቅም። አሁንም ከከፋህ እዚያው ሆነህ አኩርፈኝ፣ እችለዋለሁ።

እኔ በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ አስብሃለሁ። ሲኖረኝ በድግስ፣ ሲቸግረኝ በውሃ። ውሃውንም ከየት እንደቀዳሁት እየተናገርኩ።

ወይንሸት