የሌባዬ ይቅርታ

ጥቅምት ፭
ዛሬም የሳሙና ካርቶን ስደረድር ዋልሁ። ከሰዓት አለቃዬ ጠሩኝ። «የመጋዘን ኃላፊነቱ ያንተ ነው፤ ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚገልጽ ወረቀት ከፖሊስ አምጣ ብቻ» አሉኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው… ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

ጥቅምት ፮
አሻራ ሰጠሁ። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠችው ፖሊስ ስሜን እስከ አያቴ ጻፈች። ከዚያም፣ «ወንድሜ፣ በስልክ ስርቆት ትፈለጋለህ።»
የት? በትውልድ ከተማዬ። የማን ስልክ? የአጎቴ ልጅ።
ከዓመታት በፊት ስልኬን የሰረቀኝ እርሱ፣ ያመለከትሁት እኔ። የድሮው መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ከሳሹን በተከሳሽ ቦታ አስገብተውታል። አሁን በአገሩ ያለ ጣቢያ ሁሉ ሌባነቴን ያያል።
«እኛ ማየት እንጂ መሰረዝ አንችልም። መዝገቡን ወዳስገባው ጣቢያ ሄደህ በአካል ቅረብ።»
«እንግዲያው ልሂድ?»
«እስኪጣራማ ከከተማ አትወጣም። ጠዋት ጠዋት እየመጣህ ትፈርማለህ።»
አለቃዬ ዋስ ሆኑኝ።

ጥቅምት ፲
ፈረምሁ።

ጥቅምት ፲፪
ፈረምሁ። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ወዳገኘሁት ሱቅ እገባለሁ። የሚሸሸግ ሰው ሌባ አይመስልምን?

ጥቅምት ፲፯
የትውልድ ከተማዬ ጣቢያ በስልክ መለሰ። የወረቀቱን መዝገብ ጎርፍ አበላሽቶታል። ከሳሽ ቀርቦ ይቅር ካለ ግን ፋይሉ ይዘጋል… ከሳሽ የተባለው ያ ሌባ ነው።
ደወልሁለት። ሳቁ አላቆም አለው። «ከሳሽህ እኔ ነኝ? ዓለም ተገላበጠች በለኛ።»
«እባክህ፣ እውነቱን ንገርልኝ።»
«እውነቱን ከተናገርሁማ ኮምፒዩተሩ እኔን ይውጠኛል፤ የልጆች አባት ነኝ። ይቅርታ ከሆነ ግን አልነፍግህም። ሆደ ሰፊ መሆኔን ታውቃለህ።»

ጥቅምት ፳፩
እዚያው ጣቢያ ቀርቦ ይቅር ብሎኛል። ፖሊሷ ወረቀት ዘረጋችልኝ፤ «ጥፋቴን አምኜ ታርቄያለሁ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት።
«ጥፋት የለብኝም ብልስ?»
«ነገም ትመጣለህ፣ ከነገ ወዲያም።» ቀና ሳትል፣ «እኔ ብሆን እፈርም ነበር» አለች።
ፈረምሁ።

ጥቅምት ፳፪
ጠዋት ጣቢያ አልሄድሁም። ከፖሊስ የተሰጠኝን ወረቀት፣ ከፈረምሁበት የእርቅ ቃል ጋር፣ ለአለቃዬ ሰጠኋቸው። «በእርቅ የተዘጋ ስርቆት» ይላል። መነጽራቸውን አወለቁ።
«ልጄ፣ አልሰረቅሁም ብለኸኝ አልነበረም?»
«አልሰረቅሁም።»
«ታዲያ ይህ የማን ፊርማ ነው?»
የእኔ ነው አልኋቸው።