አጥሩን ለሠራሽው

ከእኔ በፊት እዚህ ቤት ለነበርሽው እህቴ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እጅሽስ? ስለ እጅሽ የምጠይቀው ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አዋላጅ «ብርድ ሲሆን ግራ እጇን ያማት ነበር» ስላለችኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ደህና ነኝ።

አንቱ ልበልሽ ወይስ አንቺ እያልኩ ብዙ አሰብኩ። አዋላጇ እኩዮች እንደሆንን ስትነግረኝ ነው የደፈርኩት። ጣውንቴ እንዳልልሽ በአንድ ዘመን አልተገናኘንም፤ አንቺ በወጣሽ በዓመት ከምናምኑ ነው እኔ የገባሁት። ስለዚህ እህቴ ብዬሻለሁ። ካልወደድሽው ደብዳቤውን ለፍየል ስጪው፤ ወረቀት ሲያገኙ እንዴት እንደሚደሰቱ ታውቂ የለ?

የምጽፍልሽም በፍየል የተነሳ ነው። ከሁለት ወር በፊት አክስቴ «እርጅና ተጫነኝ» ብላ ሦስት ድንክ ፍየሎች ሰጠችኝ። ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ቢሉ ነው። አንደኛዋ ለሁሉም ነገር መልስ ስላላት «ጠበቃ» ብያታለሁ። ሁለተኛዋ «ድቡልቡል» ናት። ሦስተኛዋ ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ጉብ ስለምትል «ቁንጫ»። ባለቤቴ ሲያያቸው ሳቀና፣ የጓሮው አጥር እኮ አለልሽ፣ ለዚያች ሴትዮ ብዬ በሰው ያሠራሁት ነው፣ እሷ እንደሆን ፍየል ሸተተኝ ብላ ጥላው ሄደች አለኝ።

አመንኩት። ለምን አላምነው? መሬት ቀያሽ አይደል? ሰው ሁሉ ድንበሩን በእሱ ልክ ያምናል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማ ጎረቤት የለም።

ፍየሎቹ በመጡበት ቀን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቁንጫን ከአዋላጇ የጎመን መደብ ላይ አገኘኋት። አጥርሽ የተሠራው ለደህና ፍየል ነው፤ እነዚህ ደግሞ በሽቦው ቀዳዳ አንገታቸውን ካስገቡ የቀረው አካላቸው ውኃ ሆኖ ይከተላል። በማግስቱ ከፋርማሲው ስወጣ (የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው) ዓይኑ ጠበብ ያለ የሽቦ መረብ ገዛሁ። ፒንሳና መዶሻ ከአዋላጇ ተዋስኩና የአንቺን ሽቦ መፍታት ጀመርኩ።

ጉዱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ያሰርሽው ሁሉ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዟል፤ ጫፉ ወደ ውጭ ተቆልምሞ በመዶሻ ተደፍጥጧል። አንድም ቦታ ወደ ውስጥ የዞረ የለም። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ጠምዝዞት ይሄዳል እንጂ ስለ ፍየል ዓይን ምን አገባው? በሩ ሥር ደግሞ ጭቃ እንዳይሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል። ፍየል የጠላ ሰው ድንጋይ ያነጥፍላታል?

አዋላጇን ጠየቅኋት። «በሰው? የትኛው ሰው?» ብላ ሳቀችብኝ። ጉድጓዱን ሁሉ የቆፈርሽው ራስሽ መሆንሽን ነገረችኝና፣ የእሷ አጥር ፍየል ቀርቶ ወሬ አያስወጣም ነበር አለች። መዶሻዋን መልሺልኝ እንኳ ሳትል ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲህ አንቺን ማጥናት ያዝኩ። ማዕዘኑ ላይ ያሉትን ቋሚዎች በሰያፍ እንጨት እንደደገፍሽ አይቼ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። መረቡን ከሥሩ አንድ ስንዝር ቆፍሬ ቀበርኩት፤ ያለዚያ ድቡልቡል በግንባሯ እየገፋች ታነሳዋለች። ቁንጫ መሰላል ያደረገችውን የድሮ ሣጥን ከአጥሩ አራቅሁ። ጫፎቹን ሁሉ ወደ ውጭ ቆለመምኩ። የአንቺን ያህል አላማረልኝም፤ ግን እስካሁን የወጣ ፍየል የለም።

አጥሩ ተሳካ፣ ማላመዱ ግን አቃተኝ። አጥሩ ውስጥ ወዳለው የፍየል ቤትሽ ሦስት ቀን ሙሉ አንገባም አሉ። ጠበቃ የመጡበትን መንገድ እያየች ስትጮህ ትውላለች፤ ሌሎቹ እሷ ያልቀመሰችውን ውኃ አይቀምሱም። ስነዳቸው ይበተናሉ። በኋላ አዋላጇ በአጥሩ በኩል ብቅ አለችና፣ ፍየል አትነዳም፣ አንቺ ቀድመሽ ገብተሽ ተቀመጪ፣ ቤቱ ሰው እንደማይበላ ሲያዩ ይመጣሉ አለችኝ። ገብቼ ግድግዳው ጥግ ካለው የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ቁንጫ አንገቷን አስገባች። ቀጥሎ ድቡልቡል። ጠበቃ ደጃፉ ላይ ቆማ ብዙ ከተከራከረች በኋላ ገባችና እግሬ ሥር ተኛች። ደስ ብሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አትሳቂብኝ።

የፍየል ቤቱን ከውስጥ ሆኜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አግዳሚው ለእነሱ የተሠራ መስሎኝ ነበር፤ ፍየል ከፍታ ትወዳለች። ግን ጋደም ስልበት ልክክ አለልኝ። ከራስጌው የልብስ መስቀያ የሚሆን ምስማር አለ። በሩ ላይ ደግሞ ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ። ከውስጥ።

እህቴ፣ ፍየል በሯን ከውስጥ የምትቀረቅረው ማን እንዳይገባባት ነው?

እራት ላይ ባለቤቴን ስለ መቀርቀሪያው ጠየቅሁት። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ! ስለ ዝናቡ አወራኝ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ መቀርቀሪያው የለም። አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፤ ብናኙ ገና መሬት ላይ ነበር።

እኔን ታውቂኛለሽ አይባል አታውቂኝም፤ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን ደግሞ ሲገባኝም አልወስደኝ ብሏል። በእኛ መድኃኒት ቤት «በር መታኝ» የሚሉ ሴቶች ይመጣሉ፤ እኔም ስንት ጊዜ ቅባት አቀብዬ ሸኝቻለሁ። ባለፈው ወር ከመደርደሪያው ለራሴ ስወስድ ባልደረባዬ አየችኝና ምን ሆንሽ አለችኝ። ቁንጫ ወጋችኝ አልኳት። ቁንጫ ቀንድ የላትም።

ወደ ብረታ ብረት ሱቅ ሄጄ መቀርቀሪያ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ለየትኛው በር ነው አለኝ። ለፍየሎች አልኩት። እንግዲያው ከውጭ የሚገጠም ነው ብሎ ቀጭኑን አወረደልኝ። ከውስጥ ነው ስለው ለአፍታ አየኝና ቀጭኑን መልሶ ሰቀለው። ወፍራሙን ሰጠኝ፤ ረጃጅሞቹን ብሎኖች መርጦ በወረቀት ጠቀለለልኝ። በዚያው ዕለት፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ እያለ፣ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ትቼ ዝቅ አድርጌ ገጠምኩት።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ሞከርኩት። ይይዛል። ብዙ ሰዓት ያዘ። ድቡልቡል ተደግፋኝ ስታመሰኳ ነበር፤ ጠበቃ ግን በሩ በተመታ ቁጥር መልስ እየሰጠች ዋለች።

አሁን ፍየሎቹ ለምደዋል። የእግሬን ኮቴ ያውቃሉ፤ ማታ ማታ ሳልጠራቸው ይገባሉ። ስለ አንቺ ግን ገና ብዙ የማላውቀው አለ። ቆፍሪ ያለሽ ሰው ነበር ወይስ እንደ እኔ እያበላሸሽ ነው የተማርሽው? ስትወጪ ፍየሎችሽን ምን አደረግሻቸው? እሱ ሸጥኳቸው ይላል፤ አዋላጇን ስጠይቃት ግን ወደ ሰማይ እያየች ደመናውን ትቆጥራለች። ያለሽበት ሰፈር ፍየል ይፈቀዳል? ግቢሽ አጥር አለው? ከሌለው አሁን እኔ መትከል እችላለሁ። ጓንቴን ይዤ ነው የምመጣው።

እሱ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ አራት ቀን ለቅየሳ ወደ ገጠር ይወጣል። ማክሰኞ አትክልት የሚጭነው ሾፌር በእናንተ በኩል ያልፋል፤ የአዋላጇ የእህት ልጅ ነው። ባዶ ሣጥን ከኋላ ስላለው የፍየሎቹን እግር ማሰር አያስፈልግም ብሎኛል። መልስሽን በጽሑፍ አትላኪ፤ ይህን ደብዳቤ ለምታመጣልሽ ለአዋላጇ በቃል ንገሪያት። «አይመቸኝም» ብትይም አልቀየምሽም፤ ይህን ሁሉ አስተምረሽኛል።

ፈጣሪ የቀረውን ዘመንሽን ያለምልምልሽ። ጎተራሽ አይጉደል፣ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን፣ ወደ ቤትሽ የሚመጣ ሁሉ በፍቅር ይምጣልሽ።

ሦስቱም ትንንሽ ናቸው፤ ብዙ ቦታ አይፈጁም። እኔም አንድ ሻንጣ ብቻ ነው ያለኝ።

ከአንቺ ኋላ የመጣሁት
እህትሽ