ከሰዓት በኋላ የሚዝል ክንድ

ጥቅምት 8/79፣ ጧት
ወባ፣ ወባ፣ አሁንም ወባ። የጤና ጣቢያው ወረፋ እስከ ውጭ በር። በመሀል ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ደብዳቤ የያዘች ሴት መጣች። ዘሃራ፣ መረብ ሠሪ። ጧት ሠርታ ከሰዓት በኋላ እጇን ትሰበስባለች፣ መፈክር ሲባል ክንዷን ቶሎ ታወርዳለች፣ በውይይት ሰዓት ታንቀላፋለች ይላል የማኅበሩ ሊ/መንበር። ሕመም ነው ወይስ አሻጥር? እጄን ጨብጪ አልኋት። ጣቶቼን ልትሰብራቸው ነበር። «ጤነኛ ናት» ብዬ ጻፍሁ፣ ማኅተም መታሁበት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጥቅምት 15
ማስታወሻዬ፣ ዛሬ አፈርሁ። 10 ሰዓት ላይ ዓሣ ልገዛ ወደ ጣና ዳር ወረድሁ። ዘሃራ ከተሰቀለው መረብ ሥር ተቀምጣለች። አንድ ዐይኗ ተከድኗል፤ አንገቷ እንዳይወድቅ አገጯን በመዳፏ ደግፋለች። ድምፅዋ በአፍንጫዋ ይወጣል። በእኔ ወረቀት አሻጥረኛ ተብላ ጉዳይዋ በ20 በማኅበሩ ስብሰባ ይታያል። ከዚያ እስር ነው። ተቆጣሁ፤ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም አልኋት።
«ነግሬዎት ነበር እኮ፣ እትዬ። እርስዎ ያዩኝ በጧት ነው።»
እውነቷን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ጥቅምት 17
ሆስፒታል ይዣት ሄድሁ፣ ሆን ብዬ ከሰዓት በኋላ። ዶ/ሩ ጣራ ጣራውን እዪ አላት። ደቂቃ ሳይሞላ የዐይኗ ቆብ ወረደ። ከቀዶ ጥገና ክፍል መርፌ አስመጥቶ ወጋት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ዐይኗ ተከፈተ። ክንዷን ዘረጋች፣ አልወረደም። እሷ ሳቀች፣ እኔ አለቀስሁ።
ዶ/ሩ አስረዳኝ። ነርቭ ጫፉ ላይ መልእክተኛ ቅመም ይረጫል። ጡንቻው ላይ ያን ቅመም ለይቶ የሚያውቅ ተቀባይ አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጡንቻው ይሠራል። የዘሃራ ተቀባዮች አልቀው ጥቂት ቀርተዋል። ጧት ካረፈች በኋላ መልእክቱ ብዙ ስለሆነ ይበቃታል፤ ስትሠራ ስትውል ያንሳል። መርፌው መልእክተኛውን ያቆየዋል እንጂ በሽታውን አይነቅልም።

ጥቅምት 18
ሳስብ ዋልሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሆርሞን አነሰ፣ ሆርሞን በዛ ስል ኖርሁ፤ ስለ ተቀባዩ ጠይቄ አላውቅም። ያ ወፍራሙ የስኳር በሽተኛዬስ? ኢንሱሊን በደሙ ሞልቶ ሴሎቹ አልሰማ ብለውት ቢሆንስ? እኔ እኮ ሆዳም እያልሁ ሳበሽቀው ነው የከረምሁ።
የዘሃራን ተቀባዮች ማን አጠፋቸው? የገዛ ደሟ ጠባቂዎች፣ ጠላት መስለዋቸው። ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምጽፈው፣ ማስታወሻዬ፤ ሌላ ሰው ቢያነበው ስለ በሽታ ብቻ የማወራ አይመስለውም።

ጥቅምት 20፣ ከጧቱ 1 ሰዓት
አለቃዬ የዶ/ሩ ወረቀት ይበቃል፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ ብለውኛል። አይበቃም። ሊ/መንበሩ የእኔን የመጀመሪያ ወረቀት ይዞ፣ ሁለተኛው በዘመድ የወጣ ነው ይላል። ፈርቻለሁ። ማን ገዛሽ መባሌ አይቀርም። ሥራዬም ሊሄድ ይችላል።
ግን ጻፍሁ፦ «ጥቅምት 8 የሰጠሁት ማስረጃ ስሕተት ነው። በጧት ብቻ አይቼ ፈረድሁ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።» አለቃዬ ማኅተሙን ቆልፈውበታል። ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምሁ። ስብሰባው በ3 ሰዓት ነው። ወደ 10 ሰዓት ይዛወር ብዬ እጠይቃለሁ፤ ያኔ በዐይናቸው ያዩአታል። እምቢ ካሉም እስከ 10 ሰዓት ከአጠገቧ አልነሣም።