ዋስ የሌላት ባለማሲንቆ

ሰኞ

«ይጠፋሉ» አለ አቶ አስናቀ። ልጆቹ የሙዚቃ መሣሪያቸውን እንደያዙ ፊቱ ቆመው እየሰሙት። አሁን ልምምድ ጨርሰው፣ ላባቸው እንኳ ሳይደርቅ። «ጀርመን ከደረሱ በኋላ ይጠፋሉ፤ ማን ይጠየቅበታል?»

አቶ አስናቀ የጉዞው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ከከተማው መሥሪያ ቤት ተመድቦ ነው የመጣ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልልም፤ ይሄ የራሴ ደብተር ነው።

የትምህርት ቤታችንን የባህል ሙዚቃ ቡድን የጋበዘው የጀርመን ትምህርት ቤት ነው። ልጆቻችን እዚያ ተማሪዎች ቤት ያድራሉ፣ አብረዋቸው ይጫወታሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ትኬቱንም ማረፊያውንም የቻሉት እነሱ ናቸው። እኛ የቀረን ፓስፖርት፣ የድጋፍ ደብዳቤና የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜዬን ለዚህ ሰጥቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት።

ዛሬ ግን ሳሙኤል፣ ክራር የሚመታው፣ ሲወጣ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ እኛን ነው የሚሉት?» ምን ልበለው? «አይ፣ እንዲያው ነው» አልኩት። ውሸቴን ነው።

ማክሰኞ

ኮሚቴው አዲስ ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ወላጅ ለልጁ ዋስትና የከተማ ቤት ካርታ ኮፒ ያስይዛል። ካርታ የሌለው ልጅ አይሄድም።

ማን እንደሚቀር ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። ውባንቺ። አባቷ ገበሬ ናቸው፣ ከማክሰኝት ወዲያ። እሷ እዚህ ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማር። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ማሲንቆ ይዛ አታውቅም ነበር። አሁን አሥራ አንደኛ ናት፤ ያዘጋጀነው ሥራ በሙሉ ከእሷ ማሲንቆ ነው የሚነሳ። እሷ ካልጀመረች ሌሎቹ መግቢያቸውን አያገኙትም።

ይህንኑ ለኮሚቴው ተናገርኩ። አቶ አስናቀ፣ «በማሲንቆው ቦታ ኪቦርድ ይግባ» አለ። ኪቦርድ። ለጀርመኖች ኪቦርድ ልንወስድላቸው።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንድ ቦታ ከተረፈ ቡድኑ ኃላፊ ቢኖረው ጥሩ እንደሆነ ተናገረ። እስክሪብቶውን እያየ ነው የተናገረው። ያኔ ገባኝ። የማንን ወንበር እንደሚፈልግ ገባኝ።

ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ሙሉ አንገቷን ደፍታ ወረቀት ታገላብጣለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ፈሪ ናት።

ረቡዕ

የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም።

የውባንቺን አባት አስጠሯቸው። አያ ታደገ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ። ወንበር አለ። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም። እኔ ስነሳላቸው አቶ አስናቀ «ቁጭ በይ፣ ቶሎ እንጨርሳለን» አለኝ።

ምን አለዎት ተባሉ። መሬታቸውን ተናገሩ፣ በሬዎቻቸውን ተናገሩ፣ በደብሩ ሰበካ ጉባኤ እንደሚያገለግሉ ተናገሩ። ከተማ ውስጥስ ማን ያውቅዎታል ተባሉ። «ልጄ» አሉ። አንዱ ሳቀ።

አያ ታደገ ሳቂውን አላዩትም። ሰብሳቢውን ነው ያዩት። «ምነው፣ ልጄ ምን ሰርቃ ነው ዋስ የምትጠራ?» አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ውባንቺ ክፍል አልነበረችም። አባቷ ልብሷንም መጻሕፍቷንም አስይዘው ወሰዷት አሉኝ አብረዋት የሚኖሩት። ማሲንቆው የልምምድ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

ለጉዞ ብዬ ልጅቱን ከትምህርቷ አስወጣኋት።

ሐሙስ

አስፈቅጄ ማክሰኝት ሄድኩ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው። ከሚኒባሱ ወርጄ በእግር ብዙ ነው፤ ፀሐይዋ አናቴን በላችኝ።

አያ ታደገ አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ተቀበሉኝ፣ እርጎ ሰጡኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። የመጣሁበትን ሳነሳ ግን ፊታቸው ተዘጋ። ውባንቺ ጓዳ ናት፤ ድምፅዋን አልሰማም፤ እየሰማችን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

መጀመሪያ ማሲንቆ መያዟን እንዳልወደዱት ነገሩኝ። ሰው አዝማሪ ልትሆን ነው ብሎ ሲያማቸው ከርሟል። በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ በዓል መጥተው ከኋላ ተቀምጠው ሲሰሟት ነው ሐሳባቸውን የለወጡ። «ሸጋ ትመታለች» አሉ።

ልጅቱን እንዲመልሷት ለመንኩ። ዋሱ ለወጉ ነው፣ ወረቀት ብቻ ነው አልኩ። የማላምንበትን እየተናገርኩ እንደሆነ ሳያውቁ አልቀሩም።

«አንቺም ትሄጃለሽ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ላንቺ ማን ዋስ ሆነሽ?»

ማንም አልጠየቀኝም። ማራኪ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖር፤ ካርታ ቢሉኝ ከየት አመጣለሁ?

«እንግዲህ» አሉ፣ «ትልቁም ትንሹም እኩል ከተጠየቀ እኔም እጠየቃለሁ። የኔን ልጅ ለብቻዋ እንደ ወንጀለኛ መጠየቅ ከሆነ ግን ትቅርብኝ።»

መልስ ይዤ ሳይሆን ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ። በመንገዱ ሁሉ ስናደድ መጣሁ፤ በአስናቀ ብቻ አይደለም፣ በራሴም።

ዓርብ

የወላጆች ስብሰባ። አልናገርም ብዬ ነበር የገባሁ፤ ተናገርኩ።

እኔም ተጓዥ ነኝ፣ ቤት የለኝም፣ ካርታ የለኝም፤ በዚህ ሕግ መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ፣ አውጡኝ አልኩ። አቶ አስናቀ አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ አለኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ጠፍቶ አያውቅም ወይ አልኩት። ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ማልቀስ ሲዳዳኝ ነው እንዲህ የሚሆነው፤ እጠላዋለሁ።

ከዚያ የሳሙኤል አባት ተነሱ። የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው። ክራሩን ራሱ በግድ ነው የፈቀዱለት፤ ከእሳቸው ምንም አልጠበቅኩም። ሳይቸኩሉ፣ ቅኔ እንደሚያወርዱ ቃል በቃል አሉ፦

«የሰጠኋችሁን የቤቴን ካርታ መልሱልኝ። ልጄን አምኜ ነው የምልከው። ካላመንኩትማ ቤቴን ከማስይዝ እሱን ነበር የማስቀር።»

ከኋላ አንዲት እናት ተነሳች። ከዚያ ሌላ። ሁለት ወላጆች አልተነሱም፤ ፈርተው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ወይዘሮ ሙሉ በመጨረሻ አፏን ከፈተች፦ ዋሱ ቀርቷል፣ ወላጅ ፈቃዱን ብቻ ይፈርም።

ለአያ ታደገ ደወልኩ። ታሪኩን ሁሉ አስደገሙኝ። መሪጌታ ያሉትን ሁለት ጊዜ። «እሺ፣ ነገ ትመጣለች» አሉ።

ዛሬ እንጀራ በላሁ። ከረቡዕ ወዲህ የምግብ ጣዕም አላወቅኩም ነበር።

ቅዳሜ

ውባንቺ መጣች። ማሲንቆውን ከግድግዳው አውርዳ ጭራውን ወጥራ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። ዋሽንቱ ዘገየ፣ ከበሮው ቸኮለ፣ እኔ ግን አላስቆምኳቸውም።

እዚህ ላይ ቀኑ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ወይዘሮ ሙሉ ቢሮ ጠራችኝ። የድጋፍ ደብዳቤው ከከተማው መሥሪያ ቤት መጥቷል። የልጆቹ ስም በሙሉ አለ፤ ውባንቺም አለች። ቡድን መሪ፦ አቶ አስናቀ። የእኔ ስም የለም።

ደጋግሜ አነበብኩት። ሥልጣን ያለው ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ነው አለችኝ። ማሲንቆ ከየትኛው ወገን እንደሚያዝ የማያውቅ ሰው። ዋሽንት የሚነፋው ልጅ ሲደናገጥ ትንፋሽ እንደሚያጥረው የማያውቅ። የልጆቹን ስም እንኳ ከወረቀት የሚያነብ።

«ለልጆቹ ስትዪ ቻዪው» አለችኝ ሙሉ። እውነቱን ልናገር፤ ልችለው ነበር። ከጋበዘን ትምህርት ቤት ለምትጻጻፈኝ መምህርት ልጽፍላት አሰብኩ፤ ግን ጉዳችንን ለሰው አገር ሰው እንዴት ብዬ ነው የምጽፍ? ተውኩት።

እሑድ

ለማንም አልተናገርኩም። ቅዳሴ ሲወጣ ግን ሁሉም ሰምቷል።

ሥራዎቼን ሁሉ ትቼ ተኛሁ። ልብስ አላጠብኩም። የፈተና ወረቀት አላረምኩም።

አያ ታደገ ደወሉ። ሰላምታውን አሳጠሩት፤ እሳቸው ሰላምታ አያሳጥሩም።

«እኔ ልጄን ላንቺ ነው የሰጠሁ» አሉ። «ለዚያ ሰውዬ አልሰጠሁም። ምነው ዝም አልሽ?»

ለልጆቹ ብዬ ነው አልኳቸው።

«ልጆቹ እኮ ያዩሻል» አሉና ነገ እንደሚመጡ ነገሩኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተናደድኩ። የተናደድኩት ትክክል ስለሆኑ ነው።

ሰኞ

ሦስት ሆነን ሄድን፤ አያ ታደገ፣ መሪጌታ፣ እኔ። መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ብዙ አስጠበቁን። መሪጌታ የጠበቅንበትን ሰዓት ለጸሎት ተጠቀሙበት፤ እኔ ጥፍሬን በላሁ።

ሲያስገቡን አያ ታደገ ወንበር ስበው፣ ማንም ሳይጋብዛቸው፣ ተቀመጡ። መሪጌታም ተቀመጡ። ያለ መምህርቷ ልጆቻቸውን እንደማይልኩ ተናገሩ፤ ጩኸት የለ፣ ማስፈራራት የለ። የአቶ አስናቀ አለቃ ወረቀቱን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ስሜን እንዲመልሱት አዘዘ።

ግን አስናቀም አልቀረ። የሚሄደው ለልምድ ልውውጥ ነው ተባለ፤ ትኬቱ ከመሥሪያ ቤቱ። ለክራር ክር መግዣ ስጠይቃቸው በጀት የለም ያሉኝ እኮ እነዚሁ ናቸው። አፌን ከፈትኩ። መሪጌታ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ፤ ደብዳቤው እጄ ላይ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። አሁንም ያንገበግበኛል።

ረቡዕ

አዘዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያ። ለኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ልንበር ነው። ልጆቹ በመስታወቱ ተደርድረው አውሮፕላኑን ያያሉ። ውባንቺ ማሲንቆውን ዕቃ መጫኛ አላስገባም ብላ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ቪዛው ይሰጠን፣ ይከልክሉን፣ አላውቅም። ከአዲስ አበባ ተመልሰን ልንቀርም እንችላለን።

አቶ አስናቀ አዲስ ሱፍ ለብሶ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። ሲቁነጠነጥ ቆየ። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ኤምባሲ ውስጥ ምን ትጫወታለህ ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል አለኝ።

«እውነቱን ይንገሯቸው» አልኩት። «ምንም እንደማይጫወቱ።»

ከዚያ ተነስቼ ልጆቼ ጋ ሄድኩ።